የሚቆራረጥ የቤት ኢንተርኔት፦ ከመነካካት በፊት ችግሩ የት እንዳለ መለየት

የቤት ኢንተርኔት መቆራረጥ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ራውተሩን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። መስመሩም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ራውተሩ ሲጠፋ መብራቶቹ ያሳዩት የነበረው ምልክትም፣ በብዙ መሣሪያዎች ላይ በውስጡ የተመዘገበው የሥራ ማስታወሻም አብሮ ስለሚጠፋ፣ መስመሩ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሲቋረጥ የቤቱ ባለቤት ከመጀመሪያው የበለጠ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ በተቋረጠበት ሰዓት መሣሪያውን ከመንካትዎ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ወስደው የተቋረጠው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ።

ክፍሎቹ ብዙ አይደሉም። ከስልክዎ ወይም ከኮምፒውተርዎ እስከ ራውተሩ ያለው ዋይፋይ ወይም ኬብል አንዱ ነው፤ ራውተሩ ራሱና የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለተኛው ነው፤ ከራውተሩ ተነስቶ ወደ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚሄደው መስመር፣ ማለትም የመዳብ ስልክ መስመር፣ ፋይበር ወይም የሞባይል ሞገድ፣ ሦስተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በድርጅቱ ይዞታ ውስጥ ነው። የአንዱ ክፍል መድኃኒት ለሌላው ምንም አይፈይድም። ዋይፋዩ ደክሞ ሳለ መስመሩን ማስጠገን፣ ወይም የውጭው ሽቦ ውሃ ገብቶበት ሳለ አዲስ ራውተር መግዛት የገንዘብም የጊዜም ብክነት ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በራውተሩ ጀርባ ወይም ጎን በመርፌ የሚጫን፣ ሪሴት የተባለ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ይህን መጫን ራውተሩን አጥፍቶ ከማብራት ፈጽሞ የተለየ ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ፣ መስመሩ ሲገባ ባለሙያው የሞላው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በዚህ ቁልፍ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ኢንተርኔቱ አይመለስም፤ ይቆራረጥ የነበረው አገልግሎት ጨርሶ ይጠፋል። የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ በእጅዎ ተጽፎ ካልተቀመጠ በስተቀር ቀዳዳውን አይንኩት።

በተቋረጠበት ሰዓት መብራቶቹን ማንበብ

ከሁሉ በፊት የራውተሩን መብራቶች፣ ኢንተርኔቱ ደህና በሚሠራበት ሰዓት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የጤነኛው ሁኔታ ምስል ከሌለዎት የታመመውን መለየት ያስቸግራል። ከዚያም በተቋረጠ ጊዜ ሁለተኛ ፎቶ አንስተው ያስተያዩ።

በመዳብ ስልክ መስመር በሚመጣው የኤዲኤስኤል አገልግሎት ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ሳያቋርጥ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞደሙ በመስመሩ ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደገና ለመግባባት እየሞከረ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱም በሽቦው ላይ ሊሆን ይችላል። ዲኤስኤሉ ጸንቶ በርቶ ኢንተርኔት የሚለው መብራት ብቻ ከጠፋ ወይም ከቀላ ግን ሽቦው ደህና ሆኖ የተጠቃሚ ስም ማረጋገጫው አልተሳካም፤ ይህ የሚስተካከለው በድርጅቱ በኩል ወይም በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ነው። በፋይበር አገልግሎት ደግሞ የሚታዩት ሁለት መብራቶች ናቸው። ፖን የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከበራ፣ ሎስ የሚለውም ከጠፋ፣ ብርሃኑ በትክክል እየደረሰ ነው። ሎስ ቀይ ሆኖ ከተርገበገበ ብርሃኑ ወይ ጨርሶ አልደረሰም ወይ ከሚገባው በታች ደክሟል። ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ ጠፍተው ራውተሩ እንደ አዲስ ሲነሳ ካዩ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ ኃይሉ ይዞራል። አንድም መብራት ሳይለወጥ ስልክዎ ላይ ብቻ ኢንተርኔት ከጠፋ ደግሞ ምርመራውን ከዋይፋዩ ይጀምሩ።

ፒንግ፦ ክፍሉን በቁጥር ማረጋገጥ

መብራቶቹ የማያሳዩትን አጭር መቋረጥ ለመያዝ ከፒንግ፣ ማለትም ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት እየላከ መልስ መምጣቱን ከሚፈትነው ትእዛዝ፣ የተሻለ መሣሪያ በቤት ውስጥ አይገኝም። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለውን ጥቁር መስኮት ሁለት ጊዜ ይክፈቱ። በመጀመሪያው መስኮት ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ ከራውተሩ አድራሻ ጋር ይጻፉ፤ አድራሻው በብዙ ራውተሮች 192.168.1.1፣ በብዙ የሁዋዌ ፋይበር መሣሪያዎች ደግሞ 192.168.100.1 ሲሆን በመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሁለተኛው መስኮት ያንኑ ትእዛዝ ከቤትዎ ውጭ ወዳለው የጉግል አድራሻ፣ ወደ 8.8.8.8፣ ይላኩ። በሁለቱም መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትተው ሰረዝና ቲ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጨምሩ፣ እርስዎ ኮንትሮልና ሲ ተጭነው እስኪያስቆሙት ድረስ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። መስኮቶቹን ጎን ለጎን አድርገው ሥራዎን እየሠሩ ይጠብቁ።

መቋረጡ ሲመጣ መልሱ ዓይን ላይ ነው። ሁለቱም መስኮቶች መልስ ካቆሙ ችግሩ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ወይም በራውተሩ በራሱ ነው። የራውተሩ መስኮት መልስ እየሰጠ የ8.8.8.8ው ብቻ ከቆመ ቤትዎ ውስጥ ያለው ግንኙነት ደህና ነው፤ ወደ ውጭው መስመር ይሂዱ። ሁለቱም ሳያቋርጡ እየመለሱ ድረ ገጾች ብቻ አልከፈት ካሉ፣ በተለይም ቴሌግራም መልእክት እያደረሰ ሌላው ሁሉ ከቆመ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የዲኤንኤስ አገልግሎት እንደተስተጓጎለ ይገምቱ፤ በራውተሩ ወይም በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ዲኤንኤሱን ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቴሌግራም የዋና ጣቢያዎቹን አድራሻ በቁጥር ይዞ ስለሚጓዝ ነው የዲኤንኤስ መታወክ ቶሎ የማይታይበት።

ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን ኮምፒውተሩን በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት የግድ ነው። በኬብል ሲሞከር የማይቋረጥ፣ በዋይፋይ ሲሆን የሚቋረጥ ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ተለየ፤ ስለ ውጭው መስመር ከዚህ በታች የተጻፈውንም ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ዋይፋይ

በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ ስልክ አውጥቶ የዋይፋይ ዝርዝር ያየ ሰው የጎረቤቶቹን ራውተሮች ብዛት ያውቃል። እነዚህ ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሚጋፉት ጥቂት ቻናሎችን ነው፤ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በስልክ ላይ በሚጫን የዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያ ከሦስቱ የትኛው ቀለል እንዳለ አይተው ራውተሩን በዚያ ላይ ይቆልፉት፤ የቻናሉንም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ። 40 ሜጋኸርዝ በወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ ግን የሁለት ጎረቤት ጫጫታ በአንድ ላይ ከመሰብሰብ በቀር ብዙም አይጠቅምም። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሆነ ምግብ በሚሞቅበት ጊዜ ብቻ የሚቋረጥ ዋይፋይ ካለዎት ራውተሩን ከወጥ ቤቱ ያርቁት።

ራውተርዎ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ለቴሌቪዥንና ለሥራ ኮምፒውተር እሱን ይጠቀሙ፤ ግድግዳ የማለፍ ኃይሉ ግን ከ2.4 ያነሰ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ በመሆናቸው ራውተሩ ራዳር መሰል ሞገድ የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ወዲያው ይለቃል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ዋይፋዩ ያለ ምክንያት ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ ሲመለስ ነው። ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን መርጦ መቆለፍ ይህን ያስቀራል። ሁለቱ ሞገዶች በአንድ ስም ከተሰየሙ ለምርመራው ጊዜ ያህል ስማቸውን ይለያዩ፤ አለዚያ ስልክዎ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የሚፈጠረውን ክፍተት ከመቋረጥ መለየት አይችሉም።

ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታም ብዙ ያደርጋል። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ወለል ላይ የተቀመጠ ራውተር ሞገዱ ተውጦ ይቀራል። በተቻለ መጠን በቤቱ መካከል፣ ከትከሻ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት። የዳንቴል ጨርቅ ማልበስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ የራውተሩን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ስለሚደፍንና መሣሪያው ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ስለሚያስነሳ ጨርቁን ማንሳት ያስፈልጋል።

ዋይፋይ ለማስፋት ሁለተኛ ራውተር ገዝተው ከገቡ በኋላ መቆራረጥ ከጀመረ ደግሞ፣ ሁለቱም አድራሻ እያደሉ እንደሆነ ይጠርጥሩ። ሁለቱም 192.168.1.1 ሆነው፣ ሁለቱም ዲኤችሲፒ የተባለውን አድራሻ የማደል ሥራ ከፍተው ሲሠሩ አንዱ መሣሪያ የሌላውን አድራሻ ይነጥቃል። የሁለተኛውን አድራሻ 192.168.1.2 አድርገው ዲኤችሲፒውን ይዝጉ፤ ከዋናው የሚመጣውን ኬብልም ዋን በተባለው ቀዳዳ ሳይሆን ላን ከተባሉት በአንዱ ይሰኩ።

የኤሌክትሪክ ኃይል

መብራቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው የሚመለሱ ከሆነ ራውተሩ ዳግም እየተነሳ ነው። ይህን ከውስጥ ለማረጋገጥ የራውተሩን አድራሻ በብራውዘር ላይ ጽፈው ወደ ራውተሩ ገጽ ይግቡና ሎግ የሚለውን የሥራ ማስታወሻ ክፍል ይክፈቱ፤ በቅርብ የተመዘገቡ መስመሮች 1970 ወይም ሌላ የቆየ ዓመት ካሳዩ ራውተሩ ገና ተነስቶ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ሳይቀበል የጻፋቸው ናቸው። ሰዓቱን ሲያነቡ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት አይርሱ፤ ራውተሩ 19፡00 ያለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለ ደግሞ ያንኑ ጊዜ 16፡00 ብሎ ሊጽፈው ይችላል።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ ራውተር የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ስለሚስብ፣ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው፣ ሽቦው ቀጭን በሆነበት ወይም መጋጠሚያው በላላበት ቤት የቮልቴጁ መጠን ያሽቆለቁላል። የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ መጠነኛ መውረድ ሊያጠፋው አይገባም፤ እንዲህ ሆኖ እያለ ራውተሩ ከጠፋ ያረጀ አዳፕተር ወይም የላላ ዲቫይደር ነው የምጠረጥረው። ራውተሩን ከዲቫይደሩ አውጥተው ከምጣዱ በተለየ መስመር ላይ ካለ የግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ይሰኩትና ልዩነቱን ይመልከቱ። በእጅ ሲነካ ብልጭ የሚል ወይም የሚሞቅ ሶኬት ካለ ነገሩ ከኢንተርኔት ያለፈ የእሳት አደጋ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታይ።

አዳፕተር ሲቀየር ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ያነሰ ግን አይሁን። 12 ቮልት 1 አምፔር ለሚፈልግ ራውተር ግማሽ አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር ሥራ ሲበዛበት ያንቀዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጥፋት ቤተሰቡ ሁሉ ሲሰባሰብ በማታ የሚብስ በመሆኑ በመስመር መጨናነቅ ይሳሳታል። የመብራት መጥፋት በሚደጋገምበት አካባቢ 12 ቮልት የሚሰጥ አነስተኛ ባትሪ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ከብዙ ችግር ያድናል።

የመዳብ መስመር

ኤዲኤስኤል ድምፅ በሚያልፍበት ሽቦ ላይ ከድምፁ በላይ ባለ ሞገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱን የሚለየው ስፕሊተር የተባለው ትንሽ ሣጥን ወሳኝ ነው። ስልክ ሲጮኽ ወይም እጀታው ሲነሳ ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ ስፕሊተሩ ተበላሽቷል፣ ወይም በሌላ ክፍል ያለ ተጨማሪ ስልክ ያለ እሱ ተሰክቷል። ስልኮቹን ሁሉ ነቅለው፣ ሞደሙን ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ ያለ ምንም ማራዘሚያ ሰክተው ይሞክሩ። እዚያ ላይ ጸንቶ ከቆመ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ባለው የስልክ ሽቦ ነው፤ የሚጠገነውም በራስዎ ወጪ ሊሆን ይችላል።

ለመዳብ መስመር የማደንቀው ቀላል ፈተና የጆሮ ፈተና ነው። የስልኩን እጀታ አንስተው አንድ ቁጥር ይጫኑ፤ የመደወያው ድምፅ ጸጥ ሲል ለጥቂት ሴኮንዶች ያዳምጡ። ጤነኛ መስመር ጸጥ ያለ ነው። ጨው እሳት ላይ እንደተበተነ የሚንጣጣ ድምፅ ከሰሙ በመስመሩ ላይ ዝገት ወይም እርጥበት የገባበት መጋጠሚያ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ እየባሰ፣ ፀሐይ ሲወጣ እየተሻለ የሚሄድ መቆራረጥ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በሞደሙ ገጽ ላይ ኖይዝ ማርጂን ወይም ኤስኤንአር ማርጂን የሚል፣ የመስመሩ ሞገድ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ መለኪያ አለ፤ ከ10 ዴሲቤል በላይ ሲሆን ደህና ነው፤ ከ6 በታች ሲወርድ መቋረጥ ይጠበቃል። ፀሐያማ ቀንና ዝናባማ ቀን ያለውን ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ ለጥገና ባለሙያው ትልቅ ማስረጃ ነው።

ፋይበር

የፋይበር ገመድ እርጥበትን ባይፈራም መታጠፍን ይፈራል። ከሶፋ በታች የተቆለመመ፣ በበር የተጨፈለቀ ወይም በሚስማር ተጠብቆ የታሰረ ገመድ ብርሃን ያፈሳል። የተረፈውን ገመድ ሲጠቀልሉ ጥቅሉ ከቡና ሲኒ አፍ እንዳይጠብ ያድርጉ። ጫፉን ነቅለው አይመልከቱ፤ ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ አለመታየቱ ግን ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። በጣትም አይንኩት፤ የጣት ቅባት ብርሃኑን ያደክማል። አረንጓዴ ጫፍ ያለው ገመድ ሰማያዊ ጫፍ ካለው ጋር አይጋጠምም፤ የመስታወቱ አቆራረጥ ይለያያል።

በመሣሪያው ገጽ ላይ ኦፕቲካል የሚለውን ክፍል ከፍተው የሚቀበለውን የብርሃን ኃይል ያንብቡ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ጂፖን በተባለው የተለመደ የቤት ፋይበር መስመር ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ) ባለው መካከል መገኘት አለበት። በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ከነጌቲቭ 20 ወደ ነጌቲቭ 26 መውረድ ሩብ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው፤ ወደ 27 የተጠጋ መስመር ዛሬ ቢሠራም ነገ ላይ መተማመን አይቻልም።

በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ላለው ሰው ዋናው ነገር ቦታ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው አርኤስአርፒ የሚለው ቁጥር ከነጌቲቭ 90 ዲቢኤም ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከነጌቲቭ 110 በታች ከወረደ መቋረጥ አይቀሬ ነው። ራውተሩን ከቆርቆሮና ከብረት አርቀው በየመስኮቱ እያዘዋወሩ ቁጥሩን ያነጻጽሩ።

ያልተቋረጠ፣ የተቋረጠ የሚመስል

የኤዲኤስኤል 2ፕላስ መስመር በምርጥ ሁኔታ ወደ ቤት 24፣ ከቤት ወደ ውጭ ግን 1 ሜጋቢት ያህል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። አንድ ስልክ ከሠርግ የተመለሰ ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር ጠባቡ መንገድ ይሞላል፤ የሌላው ሰው ስብሰባ ይቆማል፣ የፒንጉም ቁጥር ከአሥሮች ወደ ሺህ ሚሊሴኮንድ ይወጣል፤ ነገር ግን መልሱ ጨርሶ አይቀርም። ምልክቱ ይኸው ነው፤ የዘገየ መልስ መጨናነቅን፣ የቀረ መልስ መቋረጥን ያሳያል። ሥዕልና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መጫንን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፣ ወይም ራውተሩ ካለው ኪውኦኤስ የተባለውን የፍጥነት ማከፋፈያ ክፍል ከፍቶ የወደ ውጭ ፍጥነቱን ከሙሉው በጥቂቱ አሳንሶ መገደብ ይፈታዋል።

ለጥገና ሲደውሉ

ችግሩ በውጭው መስመር እንደሆነ ከተለየ በኋላ በኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ላይ ያሉ በ994 ይደውላሉ። «ኢንተርኔት ይቆራረጣል» ብቻ ብሎ ማመልከት «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» የሚል መልስ ያስከትላል። ይልቁንም በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተቋረጠ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛው መብራት እንደተለወጠ፣ በኬብል ተሞክሮም እንደተቋረጠ፣ የኖይዝ ማርጂኑ ወይም የብርሃን ኃይሉ ስንት እንደነበር በአንድ ወረቀት ጽፈው ከፊትዎ አስቀምጠው ያስረዱ። ሰዓቱን ሲናገሩ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ መሆኑን ጨምረው ይግለጹ። የማመልከቻ ቁጥር ከተሰጠዎት ይመዝግቡት፤ ባለሙያ ካልመጣ በሁለተኛው ጥሪ ላይ እንደ አዲስ እንዳይጀመር በዚያው ቁጥር ይከታተሉ።

ባለሙያው ሲመጣ ሁለቱን የፒንግ መስኮቶች ከፍተው ይጠብቁት። ሥራውን ሲጨርስም ከመሄዱ በፊት መለኪያውን አብራችሁ አንብቡ፤ አዲሱን ቁጥር ከቀኑ ጋር በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከራውተሩ ሥር ይለጥፉት፤ መስመሩ ከወራት በኋላ ቢያስቸግር የሚያነጻጽሩት በእሱ ነው።